ጣሪያ የሌላቸው ሲኒማ ቤቶች

መብራት የጠፋበት የካርቱም ምሽት ነው። አራት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው መብራቱን ይጠብቃሉ፤ መብራቱ ግን አይመጣም። በመሃል ኢብራሂም ሻዳድ ሻሽ ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጉና ሴት ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ያውም ዱሮ የነበራት ዝና አልለቅ ያላት የሆሊውድ ኮከብ። ጓደኞቻቸው ጨዋታው ወዲያው ይገባቸዋል። በሌለ ካሜራ ይቀርጻሉ፣ የሌለ መብራት ያበራሉ። ሻዳድም ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደዚያ ወደሌለ ካሜራ ቀስ እያሉ ይቀርባሉ። የሚጫወቱት ቢሊ ዋይልደር በ1950 የሠራውን «ሰንሴት ቡሌቫርድ» የተባለ ፊልም የመጨረሻ ትዕይንት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ትዕይንት የሚገኘው ሱሃይብ ጋስም አልባሪ በሠራው «ስለ ዛፎች ማውራት» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ነው። ፊልሙ በ2019 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዘጋቢ ፊልምንም የተመልካቾችንም ሽልማት ወስዷል። አራቱ ሰዎች የሱዳን የፊልም ቡድን አባላት ናቸው፤ ሻዳድ ሙያውን ምሥራቅ ጀርመን ተማሩ፣ ሱሌማን መሐመድ ኢብራሂም ሞስኮ፣ አልጣይብ ማህዲና ማናር አልሂሎ ደግሞ ካይሮ። ፊልም ለመሥራት ተምረው ሲያበቁ የአገራቸው ሲኒማ በላያቸው ላይ ተዘጋ። በዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ የያዙት ሥራ አንድ ነው፤ ከካርቱም ወንዝ ተሻግሮ ኦምዱርማን ያለውን «ሲኒማ አልሰውራ» የተባለ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት እንኳ ከፍተው ለሕዝብ ፊልም ማሳየት።

ስለ ሆሊውድ ወርቃማ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ናፍቆቱን የአሜሪካ ጉዳይ አድርገው ይተርኩታል፤ ጥቁር ኮትና ነጭ ጓንት፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ መቶ ዳንሰኛ በአንድ እርምጃ። እኔ ካርቱምን የመረጥኩት ይህ ናፍቆት ሌላ መልክ እንዳለው የምታሳይ ከተማ ስለሆነች ነው። አሜሪካኖች የሚናፍቁት ስክሪኑ ላይ የነበረውን ነው። ካርቱም ውስጥ የሚናፈቀው ከስክሪኑ ፊት ለፊት የነበረው ነው፤ ሕዝቡ፣ አግዳሚው፣ ምሽቱ። የመጀመሪያውን ናፍቆት የድሮ ፊልም ገዝቶ ማስታገስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲገባን የሙዚቃ ፊልም እንዴት እንደተወለደ ማየት አለብን። በጥቅምት 1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ኒው ዮርክ ላይ ታየ። አብዛኛው ክፍሉ ድምፅ አልባ ነበር፤ ሰውን ከወንበሩ ያስነሳው አል ጆልሰን ሲዘፍን መሰማቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ «ብሮድዌይ ሜሎዲ»ን አውጥቶ የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። እዚያ ፊልም ላይ አንድ የዳንስ ትዕይንት እንደገና መቀረጽ ነበረበት። ኦርኬስትራውን ሁለተኛ ጊዜ ከመጥራት ይልቅ መጀመሪያ የተቀዳውን ድምፅ አጫውተው ዳንሰኞቹን በእሱ አስደነሱ። ገንዘብ ለመቆጠብ የተደረገችው ይህች ዘዴ የዘርፉ ሁሉ መሠረት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰውየው እየሮጠ፣ ጠረጴዛ ላይ እየዘለለ፣ ዝናብ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ የሚዘፍነው ለዚህ ነው።

የዘመኑ ታላላቅ ስሞች የሥራ ፀባይ ይለያያል። በዝቢ በርክሌይ ካሜራውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ዳንሰኞቹን እንደ አበባ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ፍሬድ አስቴር ግን ካሜራው ከእግር እስከ ራስ ሙሉ አካሉን እንዲያሳይና ቀረጻው ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ያስገድድ ነበር፤ ዳንሱ በቅንጭብጫቢ ተሰፍቶ ያማረ እንዳይመስል። ጂን ኬሊ በ1952ቱ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬን» ውስጥ በዝናብ ሲደንስ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ነበረው። ያ ፊልም የሚተርከው ድምፅ ሲመጣ ድምፅ አልባ ፊልሞች እንዴት እንደተናወጡ ነው። ድምፅዋ የማያምር ኮከብ በሌላ ሴት ድምፅ ትዘፍናለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የምታዘፍናት ደግሞ በዴቢ ሬይኖልድስ የምትተወነው ወጣት ናት። እውነታው ከዚህም የረቀቀ ነው፤ ከሬይኖልድስ ዘፈኖች አንዱን ራሱን የዘፈነችው ቤቲ ኖይስ የተባለች ሌላ ድምፃዊት ነበረች፤ ስሟም ፊልሙ ላይ አልተጻፈም።

«ሰንሴት ቡሌቫርድ» ከዚህ ፊልም በሁለት ዓመት ይቀድማል፤ የሚያወራውም ስለዚያው መናወጥ ነው፤ ድምፅ የጣላት የድምፅ አልባው ዘመን ኮከብ ቤቷን ዘግታ የገዛ ፊልሞቿን እያየች ትኖራለች። እንግዲህ ወርቃማ የምንለው ዘመን ራሱ፣ ገና በመካከሉ ሳለ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ይናፍቅ ነበር። የሻዳድ ምርጫ ቀልድ ብቻ ያልመሰለኝ ለዚህ ነው። አንድ የፊልም ሰው ዘመኑ ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩ ታሪኮች ሁሉ የመረጡት በጣም የታወቀውን ነው።

የሙዚቃ ፊልም ወደ ካርቱም የገባው ግን በሆሊውድ በር ብቻ አይደለም። ሁለት ሌሎች ሰፊ በሮች ነበሩ፤ ካይሮና ቦምቤይ።

ካይሮ ውስጥ ድምፃዊውና የዜማ ደራሲው መሐመድ አብደል ወሃብ የተወነበት «ነጩ ጽጌረዳ» በ1933 ወጣ። ታላዓት ሐርብ ያቋቋመው ስቱዲዮ ምስር ደግሞ በ1936 ሥራውን ድምፃዊቷ ኡም ኩልሱም በተወነችበት «ዊዳድ» ጀመረ። ኡም ኩልሱም እስከ 1947 ድረስ ስድስት ፊልሞች ሠርታ ከዚያ በኋላ ተወች፤ ለእሷ መድረኩ ይበልጥ ነበር። የካይሮ ስቱዲዮዎች ከአሜሪካ የዳንስ ትዕይንቱን፣ ደረጃውን፣ የምሽት ልብሱን ወሰዱ፤ ዘፈኑ ግን የራሳቸው ነበር፤ ረጅም፣ አድማጩ መሃል ላይ እየቃተተ እንዲሰማው የተሠራ። ለካርቱም ሰው ቋንቋው አዲስ አይደለም፤ ካይሮም በአባይ ወደታች ያለች ጎረቤት ናት። በ1968 መጨረሻ ኡም ኩልሱም ራሷ መጥታ ኦምዱርማን በሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ዘፈነች። ከዚያ ጉብኝት በኋላ የሱዳናዊውን ገጣሚ የሃዲ አደምን ግጥም መረጠች፤ አብደል ወሃብ ዜማ ሠራለትና በ1971 ለሕዝብ አቀረበችው። ከ1933ቱ ፊልም አንስቶ እስከዚያ ምሽት አንድ የዜማ ሰው ሁለቱን ከተሞች ሲያገናኝ ኖሯል ማለት ነው።

የቦምቤይ በር ሰፊነቱ ይገርማል። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሕንድ ፊልም «አላም አራ» በመጋቢት 1931 ሲታይ ሰባት ዘፈን ነበረው፤ በዓመቱ የወጣው «ኢንድራ ሳብሃ» ደግሞ 70 ያህል። ሆሊውድ ውስጥ ሙዚቃዊ ፊልም ከፊልም ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሕንድ ውስጥ ግን የወንጀሉም፣ የቤተሰቡም፣ የጦርነቱም ፊልም ይዘፈንበታል። አሜሪካ እንደ ነውር የደበቀችውን የሌላ ሰው ድምፅ ሕንድ በአደባባይ አነገሠችው። ማርኒ ኒክሰን ለዲቦራ ኬር፣ ለናታሊ ዉድና ለኦድሪ ሄፕበርን ስትዘፍን ስሟ በፊልሞቹ ላይ አልሰፈረም። የላታ ማንጌሽካርና የመሐመድ ራፊ ስም ግን ከተዋንያኑ ባልተናነሰ ይታወቅ ነበር፤ ተመልካች ድምፃቸውን ለይቶ ያውቃል፣ ዘፈኑን ከፊልሙ በፊት በሬዲዮ ሰምቶ ይገባል።

በ1957 የወጣው የመህቡብ ካን «ማዘር ኢንዲያ» ለኦስካር ታጭቶ በአንድ ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። የራጅ ካፑር «ሳንጋም» በ1964 ሲወጣ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ብቻ የቀረው ነበር። እነዚህን ስሞች ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ መርካቶ ሲኒማ ራስ በር ላይ ተሰልፎ ያደገው ትውልድ የሕንድ ዘፈን ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወርዳል። የካርቱምና የኦምዱርማን ሰው የሕንድ ፊልም ፍቅር ከእኛም የበረታ ነበር። ምክንያቱን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ ማየት ይቻላል። እናት የምትከበርበት፣ ልጅ ለቤተሰቡ ስም የሚሠዋበት፣ ድሃው በሀብታሙ በር ላይ የሚዋረድበት፣ ፍቅረኞች ሳይሳሳሙ በዘፈን ብቻ ልባቸውን የሚያወጡበት ፊልም አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ አክስትና የእህት ልጅ አብረው ሳይተፋፈሩ ሊያዩት ይችላሉ። የአሜሪካው ጂን ኬሊ የሚያምር ቢሆንም ቤተሰቡ ውስጥ ሽማግሌ የለም።

ይህ ሲባል ግን የሆሊውድ በር ተዘግቶ ነበር ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ስለ አንድ ሐበሻ ድምፃዊ ልናገር። በ1941 የተወለደው አለማየሁ እሸቴ ልጅ ሳለ የኤልቪስ ፕሪስሊ ፊልሞች ልቡን ሰረቁት፤ የኤልቪስን ዘፈኖች ለክፍል ጓደኞቹ ይዘፍን ነበር። አንድ ቀን ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከአዲስ አበባ መኪና ለምኖ ተሳፍሮ ቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወረደ፤ አሜሪካ የሚሄድ መርከብ ሊፈልግ። ለእናቱ ሰው ነገራቸውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያልደረሰበትን ሆሊውድ ይዞት ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ፤ ከዚያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። እስከ 2021 ዕረፍቱ ድረስ አለባበሱም የመድረክ አቋሙም ከዚያ ስክሪን የመጣ መሆኑን አልደበቀም። በዚህ የዓለም ክፍል የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም የሠራው አንዱ ትልቅ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ከፊልሙ ወጥቶ በራሱ ቋንቋ እንዲዘፍን ማድረግ።

አሁን ወደ ሲኒማ ቤቱ እንግባ። ካርቱም ከግንቦት እስከ ሰኔ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን በእንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ መቶዎች የሚቀመጡበት የተዘጋ አዳራሽ እቶን ነው። ስለዚህ አብዛኛው የከተማዋ ሲኒማ ቤት ጣሪያ አልነበረውም። በከፍተኛ ግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ፤ በአንደኛው ጫፍ ነጭ የተቀባ ትልቅ ግድግዳ፤ በሌላኛው ጫፍ የፕሮጀክተሩ ክፍል፤ በመካከላቸው አግዳሚና ወንበር። ካርቱም ውስጥ ኮሎሲየምና ሰማያዊ አባይ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባሕሪ በተባለው የከተማዋ ክፍል ሐልፋያ፣ ኦምዱርማን ውስጥ አልሰውራ የታወቁ ነበሩ። በመላ አገሪቱ የነበሩት ሲኒማ ቤቶች ሲጠቀሱ የሚነሳው ቁጥር ከ60 በላይ ነው።

ጣሪያ የሌለው ሲኒማ አሠራሩን የሚወስንለት ፀሐይ ነው። እስክትጠልቅ ድረስ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ፊልም የሚጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ዙር ይታያል፤ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ሰው የሚመጣው ቀኑ በርዶለት፣ ታጥቦ፣ ልብስ ለውጦ ነው። ግንቡ ዓይንን ይከልላል እንጂ ድምፅን አያግድም፤ በሙቀቱ ወራት ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ የተኛ ጎረቤት ፊልሙን ሳያይ ዘፈኑን ይሰማል። ለዚህ ዓይነት ቤት ከሙዚቃ ፊልም የተሻለ የሚስማማ የለም። ንግግር በነፋስ ይበተናል፣ በሕፃን ለቅሶና በሻጭ ጥሪ ይዋጣል፣ ከግድግዳው ግርጌ የሚጻፈውን ትርጉምም ማንበብ የማይችል ብዙ ነው። ዘፈን ግን ደጋግሞ ይመጣል፤ ያመለጠህን መልሶ ይሰጥሃል። ተመልካቹም አብሮ ይዘፍናል።

የሚገርመው ዘፈን ይህን ያህል የሚወደድበት አገር የራሱን ሙዚቃዊ ፊልም አለመሥራቱ ነው። ሱዳን ድምፃዊ አላነሳትም፤ መሐመድ ዋርዲንና ሰይድ ኻሊፋን እኛም ቤታችን ድረስ እናውቃቸዋለን። የጎደለው የፊልም ገንዘብ ነው። እንግሊዞች በ1949 ያቋቋሙት የፊልም ክፍል ሥራው አጫጭር የትምህርትና የዜና ፊልም ነበር። እዚያ ከጀመሩት አንዱ በ1920 የተወለዱት ጋዳላ ጉባራ ናቸው። በ1955 «የካርቱም ዘፈን» የተባለች አጭር የቀለም ፊልም ሠሩ። ሙዚቃ ተሸክሟት ከተማዋን የምትዞር ፊልም ናት፤ ለሙዚቃዊ ፊልም ሱዳን የቀረበችው እዚህ ይመስለኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ታጁጅ»ን አወጡ። ታሪኩ ከምሥራቅ ሱዳን የሑምራን ሕዝብ የመጣ የፍቅር አፈ ታሪክ ነው፤ ሑምራኖች የኖሩት ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚወርድበት አካባቢ፣ ለእኛ ድንበር ቅርብ ነው። ወጣቱ የሚወዳትን ልጅ ውበት በሰው ፊት በግጥም በማወደሱ ነገር ይበላሽበታል። ጉባራ ለመሪ ተዋናይነት የመረጡት ድምፃዊውን ሳላሕ ኢብን አልባዲያን ነበር። ካይሮም ቦምቤይም የሠሩበት መንገድ ይኸው ነው፤ ሕዝቡ በጆሮው የሚያውቀውን ሰው ፊት አሳየው። መንገዱ ተገኘ፤ የሚቀጥልበት አልተገኘም።

ሆሊውድ ውስጥ የሙዚቃ ፊልም ዘመን እንዴት እንዳለቀ የሂሳብ ጉዳይ ነው። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮዎች የሲኒማ ቤቶች ባለቤት መሆናቸውን ሕገ ወጥ አለ። ቴሌቪዥን ደግሞ ተመልካቹን ሳሎኑ አስቀመጠው። ኤምጂኤም ኦርኬስትራውን፣ የዳንስ አሠልጣኙን፣ ልብስ ሰፊውን፣ አናጺውን ዓመቱን ሙሉ በደሞዝ ይዞ ነበር፤ አርተር ፍሪድ የሚመራው ክፍል ያን ሁሉ ድንቅ ፊልም ያወጣው እነዚህ ሰዎች በየቀኑ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚገናኙ ነው። ደሞዙ ሲቆም ጥበቡ ተበተነ። በ1965 «ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» አምስት ኦስካር ወስዶ ገንዘብ ሲያፍስ ሌሎቹ ተከትለው ገቡና በ1967 «ዶክተር ዱሊትል»፣ በ1969 «ሄሎ ዶሊ» ኪሳራ አስታቀፏቸው። በ1970 ኤምጂኤም ዕቃ ቤቱን በጨረታ አወጣ። ጁዲ ጋርላንድ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ላይ ካደረገቻቸው ቀይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ በ15,000 ዶላር ተሸጠ። በታኅሣሥ 2024 ከዚያው ፊልም የተረፈ ሌላ ጥንድ ኮሚሽኑን ጨምሮ 32.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ናፍቆት ይባላል።

በ1974 ኤምጂኤም ያንን ናፍቆት ራሱ ፊልም አደረገው። «ዛትስ ኢንተርቴይንመንት» ውስጥ ያረጁት ኮከቦች፣ አስቴርም ኬሊም፣ ቀለሙ በተላጠ፣ ሣር በበቀለበት የስቱዲዮ ግቢ እየተራመዱ የድሮ ትዕይንቶችን ያስተዋውቃሉ። ግቢው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ይህን ፊልም ካየሁ በኋላ አራቱን የካርቱም ሰዎች አልሰውራ ግቢ ውስጥ ሲራመዱ ሳይ ልቤ ሁለቱን ማጠጋጋት አልተወም። ልዩነታቸው ግን ያሳምማል። አስቴርና ኬሊ የሠሩትን ሠርተው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ፊልማቸው በመጋዘን ተጠብቆ ነው በፍርስራሹ የሚሄዱት። የካርቱሞቹ ግን ገና ሊሠሩ ሲሉ ነው የተዘጋባቸው።

መዘጋቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1970 የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት የፊልም ማስመጣትና ማከፋፈሉን ሥራ ወርሶ በመንግሥት ድርጅት ሥር አደረገው። ፊልም መግባቱ አልቆመም፤ ቤቶቹም ቀጠሉ። የሱዳን የፊልም ቡድን የተመሠረተው በሚያዝያ 1989 ነው። በሰኔ 30 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገና ኦማር አልበሽር ሥልጣን ያዙ። ማኅበራት ሁሉ ታገዱ፤ የፊልም ቡድኑም ገና ሦስት ወር ሳይሞላው አብሮ ታገደ። እንደገና እንዲመዘገብ የተፈቀደለት በ2005 ነው።

ሲኒማ ቤቶቹን ግን እንደ ሰዓት እላፊው የጎዳቸው የለም። አዲሱ መንግሥት ሌሊቱን ዘጋ። ጣሪያ ያለው ሲኒማ ቤት ከሰዓት በኋላ ሊያሳይ ይችላል፤ ጣሪያ የሌለው ከጨለማ ውጭ ሥራ የለውም። መጀመሪያ ሁለተኛው ዙር ቀረ፣ ቀጥሎ ቤተሰብ ቀረ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ቀረ። ይህን የሚያደርግ መንግሥት «ሲኒማ ክልክል ነው» የሚል አዋጅ ማውጣት እንኳ አያስፈልገውም። ፊልም የሚያከፋፍለው ድርጅት ፈረሰ፤ የሕዝብ ሥርዓት ማስከበሪያ ሕጉ ወንድና ሴት አብረው መጨፈራቸውን ወንጀል አደረገ፤ ሠርግ ላይ እንኳ ሙዚቃ በሰዓት ተገደበ። ዋርዲ ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ2002 ነው። በኅዳር 1994 ድምፃዊው ኾጃሊ ዑስማን ኦምዱርማን የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገደለ፤ አብደል ጋድር ሳሊም ቆስሎ ተረፈ። ጉባራም በ1974 ያቋቋሙትን ስቱዲዮ ተነጠቁ፤ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ከዚያ በኋላም በልጃቸው በሣራ እየተመሩ «ሌ ሚዜራብል»ን ወደ ሱዳን ሕይወት ቀይረው ቀረጹ፤ በ2008 አረፉ።

ሳይኮሎጂስቶች ደጋግመው ያረጋገጡት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሲያረጅ በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያየውን ነው፤ ዘፈን ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። በ1945 የተወለዱት ሻዳድ ወጣትነታቸው ከካርቱም ሲኒማ ድምቀት ጋር ገጠመ። የእሳቸው ናፍቆት በዚህ ሊገለጽ ይችላል። ዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ ግን በዚህ የማይገለጽ ሌላ ነገር አለ። አራቱ ሰዎች ጎረቤት ሄደው ምን ፊልም ማየት እንደሚፈልግ ሰዉን ሲጠይቁ ከሚመልሱት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁ። የሚመኙት የድርጊት ፊልም ነው፤ በመጨረሻ የተመረጠውም የታራንቲኖ «ጃንጎ አንቼይንድ» ሆነ። አስቴርን የጠየቀ የለም። ይህ ምርጫ ሽማግሌዎቹን አላስከፋቸውም፤ እኔንም አላስከፋኝም። ሙዚቃዊ ፊልምን ያገነነው ይኸው ፍላጎት ነው፤ ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጦ አንድ ላይ መደንገጥ፣ አንድ ላይ መሳቅ።

አልሰውራ ግቢ ውስጥ የሚያጋጥማቸው ችግር በዝርዝር ሲታይ ነው ልብ የሚነካው። ወለሉ መጠረግ አለበት፣ ስክሪኑ መጠገን አለበት፣ ድምፅ ማጉያ መገኘት አለበት። በዙሪያው መስጊዶች አሉ፤ ጣሪያ ስለሌለ የየመስጊዱ አዛን ተከታትሎ ግቢው ውስጥ ይገባል፤ ፊልሙ በየትኛው ሰዓት ቢጀመር እንደማይጋጭ ቁጭ ብለው ያሰላሉ። ይህን ሲያሰሉ አንዳቸውም አይማረሩም። በሬዲዮ የ2015ቱ ምርጫ ውጤት ይነገራል፤ አልበሽር በ94 ከመቶ አሸነፉ። ፈቃድ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይመራል፤ መጨረሻው እምቢታ ነው። የተሳካላቸው ከከተማ ውጭ ያደረጉት ትንሿ ሥራ ናት፤ ጨርቅ ወጥረው የቻርሊ ቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» ለመንደር ሰው ያሳያሉ፤ አቧራ የያዘው ነፋስ ጨርቁን ያርገበግበዋል። ቻፕሊን ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ያሰማው በዚያ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው፤ የዘፈነውም በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌለው የተፈበረከ ቃል ነው። ሁሉም ገባው።

በሚያዝያ 2019 አልበሽር ወደቁ፤ በኅዳር የሕዝብ ሥርዓት ማስከበሪያ ሕጉ ተሻረ። በዚያው ዓመት የአምጃድ አቡ አላላ «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» ቬኒስ ላይ የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት ወሰደ፤ በፊልሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በትንሽ ፕሮጀክተር ለአንድ የገጠር ልጅ ፊልም ሲያሳይ፣ ከሚያሳየው አንዱ ጉባራ የቀረጿት ካርቱም ናት። ከዚያ በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ግቢ ኦምዱርማን ውስጥ ለአንድ ዓመት ገደማ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተይዞ ቆየ፤ የአገሪቱ የድምፅና የምስል ክምችት ብዙ ክፍል ያለው እዚያ ነው። ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። የጉባራ ፊልሞች የተወሰኑት አስቀድመው በርሊን ሄደው ወደ ዲጂታል በመገልበጣቸው ተርፈዋል። ኮሎሲየም ባለበት መሃል ካርቱም ውጊያው መንገድ በመንገድ ነበር።

ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ የመሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ በዋናው ፌስቲቫል ዝርዝር የገባ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ነው። ባለታሪኳ ሞና ድምፃዊት ነበረች፤ ባሏ መዝፈን ይቅር ስላላት ተወች። እሷን ሆና የምትተውነው ኢማን ዩሱፍ በእውነተኛ ሕይወቷም ድምፃዊት ናት፤ ጉባራ «ታጁጅ» ላይ የሄዱበት መንገድ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ቀጠለ ማለት ነው። ፊልሙ ካርቱም ውስጥ የሚታይበት ቤት አልነበረም። በጥቅምት 2023 ካይሮ ሲኒማ ቤቶች ገባ፤ ከተማዋ ደግሞ ከጦርነቱ በሸሹ ሱዳናውያን ተሞልታ ነበር። ትኬት ቆርጠው፣ ተሰልፈው፣ ከማያውቁት የአገራቸው ሰው ጎን ተቀምጠው አዩት።